ዝም ስንል ማንን ነው የምንሰማው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እህቶች።

በእኛ ዘንድ ዝምታ ብዙ ምስጋና አለው። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን። ሁለቱም ደህና ምክር ናቸው፤ ግን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው የሚናገሩት ስለ ጥንቃቄ ነው። ነገር እንዳይመጣብህ አፍህን ያዝ ነው ነገሩ። መነኩሴ ዝም የሚለው ግን ነገር ፈርቶ ሳይሆን የሚያዳምጠው ስላለ ነው። ይህ ካልገባን ስለ ገዳም የምናነበው ሁሉ ወይ ይገርመናል ወይ ያስፈራናል እንጂ ለኑሯችን ምንም አይፈይድልንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዝምታ፣ በተለይም በእስር ቤት ዝምታ ውስጥ ሆኖ ስለ ገጠመው ስለ ስፔናዊው መነኩሴ ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ትንሽ እናውራ። (ስለ ዝምታ ማውራት ራሱ ያስቃል፣ አውቃለሁ።)

በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ዝምታን ጥግ ድረስ የወሰዱት ካርቱዚያን የሚባሉት መነኮሳት ናቸው። መሥራቻቸው ቅዱስ ብሩኖ በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ ስመ ጥር መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1084 ስድስት ባልንጀሮቹን ይዞ የግሬኖብል ጳጳስ ሁጎ ወደሰጣቸው ወደ ሻርትሩዝ ተራሮች ወጣ። ቦታው ለኑሮ የሚመች አይደለም። በ1132 የበረዶ ናዳ ገዳሙን አፍርሶ መነኮሳትን ገደለ። የተረፉት ወረድ ብለው እንደገና ሠሩ። ከዚያ በኋላም በየዘመኑ ተባረው ተመልሰዋል፤ ዛሬም እዚያው አሉ። ብሩኖ ራሱ ግን እዚያ አልቆየም። ከስድስት ዓመት በኋላ የቀድሞ ተማሪው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖ (ኡርባኖስ 2ኛ ማለት ነው) ወደ ሮም ጠራው። የሚወደውን ዝምታ ትቶ በታዛዥነት ሄደ።

አኗኗራቸውን ቀረብ ብለን እንየው። እያንዳንዱ አባ የራሱ ትንሽ ቤት አለው። ከታች የማገዶ ማከማቻና የእጅ ሥራ ቦታ፣ ከላይ የሚጸልይበት፣ የሚያነብበት፣ የሚበላበትና የሚተኛበት ክፍል፣ ከጎን ደግሞ በግንብ የታጠረች ጓሮ። ምግቡ ከበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ መስኮት ይገባለታል። በጊዜ ይተኛል፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይነሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከወንድሞቹ ጋር ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ያህል መዝሙረ ዳዊት ሲያዜም ቆይቶ ተመልሶ ይተኛል። እንቅልፉ በየሌሊቱ ለሁለት ይከፈላል። ዕድሜ ልክ።

በሳምንት አንዴ ግን አብረው ረጅም የእግር መንገድ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ያወራሉ። ደስ የሚለኝ ይህ ነው። ዝምታን እንዲህ የያዙ ሰዎች ንግግርን አልጠሉም። አረንጓዴው የሻርትሩዝ መጠጥም የነሱ ነው። መነኮሳት በመጠጥ ይተዳደራሉ ወይ ብሎ ለሚገረም መልሴ አጭር ነው፤ የእጅ ሥራ የእጅ ሥራ ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ትሉ ይሆናል። ቀስ በሉ። በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ የኖረው ኢትዮጵያዊው ሙሴ፣ ሙሴ ጸሊም የምንለው፣ አንድ መነኩሴ ምክር ቢጠይቀው «ሂድ በበዓትህ ተቀመጥ፣ በዓትህ ሁሉን ያስተምርሃል» አለው (በዓት መነኩሴ ብቻውን የሚኖርባት ክፍል ናት)። ካርቱዚያኑ የወረሱት ይህንኑ የበረሃ አባቶችን መንገድ ነው። ቃሉ ሲሰሙት ይጣፍጣል። ታዲያ በዓት መጀመሪያ የምታስተምረው ስለ ራስህ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይጣፍጥም።

ሞክሩት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ለአሥር ደቂቃ ብቻ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚመጣው እግዚአብሔር አይደለም። ያልተከፈለው የቤት ኪራይ ነው። ለቅሶ ቤት እገሊት የተናገረችው ነገር ነው። «ያኔ እንዲህ ብዬ በመለስኩላት ኖሮ» ነው። ከዚያ እግር ማሳከክ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይነሳል። ጫጫታው ግን አሁን አልተፈጠረም፤ ቀድሞም ነበረ፣ ሬዲዮውና ወሬው ሸፍኖት ነው። ጀበና ከእሳት እንደወረደ አይቀዳም፤ እስኪሰክን ይጠበቃል። የመነኮሳቱም ትዕግሥት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ዓመታትን መጠበቃቸው ነው።

የቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዓትም በ6ኛው መቶ ዘመን ተጽፎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኛም አገር በሸዋ መንዲዳ ያሉት ሲታውያን መነኮሳት የሚኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የሚጀምረው «ልጄ ሆይ፣ ስማ» ብሎ ነው። ምዕራፍ 42 ላይ ከመኝታ ጸሎት በኋላ ማንም እንዳይናገር ያዝዛል፤ ይህን የሚጥስ ይቀጣል። ወዲያው ግን፣ እንግዳ መጥቶ ንግግር ካስፈለገ ወይም አበምኔቱ ካዘዘ ይነገር ይላል፣ እሱም በጨዋነት። እንግዳ ደግሞ በዚሁ ሥርዓት እንደ ክርስቶስ የሚቆጠር ነው። እንግዲህ ሚስቱ ሌሊት ሙሉ የታመመ ልጅ ስታባብል «እኔ ጽሞና ላይ ነኝ» ብሎ በር ዘግቶ የሚቀመጥ ወንድም ካለ፣ ይህን ከቤነዲክቶስ አልተማረውም።

ቃሉም ይህን መንገድ ያውቀዋል። ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ነፋሱ አለፈ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳት መጣ። ከእሳቱም በኋላ «ትንሽ የዝምታ ድምፅ ሆነ» ይላል (1ኛ ነገሥት 19)። ኤልያስ ፊቱን ሸፍኖ ወጣ። ልብ በሉ፣ እዚያ ዋሻ የገባው ለሱባኤ አልነበረም። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትፈልገው ሸሽቶ ነው፤ ሞትም ተመኝቶ ነበር። ቀርሜላውያን መነኮሳት እንደ አባት የሚያዩት ይህን ነቢይ ነው። ከነሱም አንዱ መጀመሪያ ላይ የጠራሁት ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ነው። የዛሬው ጽሑፍ በእውነቱ ስለ እሱ ነው፤ እስካሁን መግቢያ ላይ ነበርን።

ዮሐንስ በ1542 በስፔን ፎንቲቬሮስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት በድህነት አደገ። ከቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ጋር ሆኖ የቀርሜሎስን ማኅበር ወደ ቀደመው ጥብቅ አኗኗር ለመመለስ ሲነሳ ብዙዎቹ ወንድሞቹ ተቃወሙት። በ1577 ዲሴምበር ወር በሌሊት ከአቪላ ይዘው ቶሌዶ ወሰዱትና በገዳማቸው አሰሩት። አሳሪዎቹ አረማውያን አልነበሩም፤ ያው የገዛ ማኅበሩ መነኮሳት ናቸው። ክፍሏ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ሁለት ሜትር የማይሞላ ነበረች። ከግድግዳው አናት ካለች ጠባብ ክፍተት በቀር መስኮት አልነበራትም። የጸሎት መጽሐፉን ለማንበብ እኩለ ቀን ላይ አንድ ነገር ላይ ቆሞ ያችን ብርሃን መሻማት ነበረበት። ዳቦና ውሃ፣ አንዳንዴ ሰርዲን። መነኮሳቱ ወደሚበሉበት አዳራሽ እየወሰዱ ይገርፉት ነበር፤ ጠባሳው ከጀርባው አልጠፋም። በብርዱ ጊዜ በረደው፣ በሙቀቱ ጊዜ ታፈነ፣ ልብሱንም ለወራት አልቀየረም።

ግጥሙ የተወለደው እዚህ ነው። መጀመሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ስንኞቹን በቃሉ ይይዝ ነበር። በኋላ የመጣ አንድ ርኅሩኅ ጠባቂ ቅያሪ ልብስ፣ ወረቀትና ቀለም ሰጠው።

በዚያ ክፍል ከገጠማቸው አንዱ ስለ ምንጭ ነው። ምንጩ እንደሚፈልቅና እንደሚፈስ በደንብ አውቃለሁ ይላል፤ ከዚያም በየአንጓው መጨረሻ «ሌሊት ቢሆንም» እያለ ይደጋግማል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሌሊት የለም አላለም። ሌሊቱ እስኪነጋ ጠብቄ አምናለሁም አላለም። ሌሊቱም ሌሊት ነው፣ ምንጩም ይፈልቃል። ብዙዎቻችን ምስክርነት ስንሰጥ ችግሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱ ግን በሩ ከውጭ ተቆልፎበት ነው የዘመረው።

ሌላው ረጅሙ ግጥም ነው፣ መንፈሳዊ መኃልይ የሚባለው። ቋንቋው ከመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን የመጣ ነው። ነፍስ ሙሽራ ሆና ውዷን ትፈልጋለች፣ እረኞችን ትጠይቃለች፣ ጫካውን ትጠይቃለች። ከዚያ ስታገኘው ውዴ ተራሮች ነው ትላለች፤ ጭር ያሉ ሸለቆዎች፣ እንግዳ ደሴቶች፣ ድምፅ የሌለው ዜማ፣ የሚያስተጋባ ብቸኝነት፣ ፍቅርን የምታቀጣጥል እራት ነው ትላለች። ከሁለት ሜትር ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው ይህን ሁሉ ተራራና ሸለቆ ያየው! ለወራት የሰማይ ቁራጭ ያላየ ሰው። ብቸኝነቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ያለቅስበት ነበር እንጂ አያዜምበትም ነበር።

ከዓመታት በኋላ አና ዘኢየሱስ የተባለች መነኩሲት ጠይቃው ለግጥሙ ማብራሪያ ጻፈ። ድምፅ የሌለው ዜማ ያለውንም ፈታው፤ ለሥጋዊው ጆሮ ዝምታ ነው፣ ለመንፈሳዊው ግን ፍጥረት ሁሉ እያንዳንዱ በተሰጠው ልክ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ይሰማል፣ አለ። በመግቢያው ላይ ደግሞ አንድ የምወደው ማስጠንቀቂያ አለ። የፍቅር ቃል ሰፊ ነው፣ በእኔ ማብራሪያ ልክ አታጥብቡት የሚል ነው። ለዚህም ይመስለኛል ግጥም የመረጠው። ትምህርት ብዙ ቃል ይፈልጋል (ይኸው እኔም እየበዛብኝ ነው)፤ ግጥም ግን በስንኝና በስንኝ መካከል ለዝምታ ቦታ ይተዋል።

አንድ ቀን ዮሐንስ በስፔን በቤያስ ገዳም አንዲት መነኩሲት ስትጸልይ ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። የእግዚአብሔርን ውበት አያለሁ፣ ውበቱ የእሱ በመሆኑም ደስ ይለኛል አለችው። በመልሷ ልቡ ተነክቶ ስለ ውበት ተጨማሪ አንጓዎች ጻፈ። በእሷ መልስ ውስጥ ልመና የለም። «ስጠኝ» የለም። መለመን ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም፤ አባታችን ሆይ ራሱ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ይላል። ነገር ግን ከምንወደው ሰው ጋር ስንቀመጥ ሁልጊዜ ጉዳይ ይዘን አይደለም። አብሮ መቀመጡ ራሱ ይበቃል። ከጌታ ጋር በዚህ መልክ የተቀመጥነው መቼ ነው?

አሁን ደግሞ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ይህን ታሪክ ይዞ «ስለዚህ ቻሉት፣ ዝም በሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። በተለይ ለሴቶች ይነገራል፤ የሚደበድባት ባል ላላት፣ ደመወዟን ለከለከላት ቤት ለምትሠራ። እንዲህ የሚል ሰው የታሪኩን መጨረሻ አላነበበም። ዮሐንስ አምልጧል! የበሩን ቁልፍ ብሎኖች ቀስ በቀስ አላላ፤ ብርድ ልብሱን ቀዶ እየቋጠረ ገመድ ሠራ፤ በ1578 ኦገስት ውስጥ አንድ ሌሊት ከክፍሏ ወጥቶ ከውጭ ባለ ሌላ መስኮት ወረደ። የተሬዛ መነኩሲቶች ደበቁት፤ እሱም በእስር ቤት የገጠማቸውን ስንኞች አሰማቸው። ከእግዚአብሔር ጋር በዚያ ክፍል ተገናኝቷል፤ ክፍሏን ግን ቅድስት ናት አላለም። ጸልዮም ብሎኑን ፈትቷል። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

ይህን የማነሳው ብዙዎቻችሁ ያልመረጣችሁት ብቸኝነት ውስጥ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን በአቅራቢያዋ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የላትም፤ ቅዳሴ የምትሰማው ሁሉም ሲተኛ በስልክ ነው፣ ድምፁን ቀንሳ። አሜሪካ የሌሊት ጥበቃ የሚሠራው ወንድማችን ጎህ ሲቀድ ማንም ወደማይጠብቀው አፓርታማ ይገባል። እናንተ እንደ ብሩኖ ወደ ተራራ አልወጣችሁም፤ ኑሮ ነው የዘጋባችሁ። ግን ጌታ በሆሴዕ ላይ «ወደ ምድረ በዳም አመጣታለሁ፥ ለልብዋም እናገራታለሁ» ሲል ምድረ በዳው በፈቃድ ይሁን በግድ ብሎ አልለየም። ያች ጠባብ የሠራተኛ ክፍል በዓት ልትሆን ትችላለች። በደል ካለበት ደግሞ ለሚረዳ ሰው ንገሩ፣ መውጫውንም ፈልጉ። ሁለቱንም በአንድ ላይ።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፦ ከአሥር ደቂቃ። የማታ ጸሎት ወይም መቍጠሪያ ከደገማችሁ በኋላ ወዲያው አትነሱ። ከማርቆስ ወንጌል አንድ አጭር ክፍል አንብቡና መጽሐፉን ዝጉ። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፤ «ጌታዬ ኢየሱስ» ብላችሁ ተመለሱ። መቶ ጊዜ ቢመጣ መቶ ጊዜ ተመለሱ። ምንም ካልተሰማችሁም ደህና ነው፤ የመጣችሁት ስሜት ፍለጋ አይደለም። ዝምታው ውስጥ የሚያስፈራ ወይም የማይለቅ ነገር ከተነሳ ብቻችሁን አትጋፈጡት፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ስልካችሁን አንሱ። እናታችሁ ደውላ ከሆነ መጀመሪያ ለእሷ ደውሉ።