የእርጥብ አሸዋ ብረታ ብረት ፍለጋ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር

ሀዋሳ ሙሽራ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ቅዳሜና እሑድ በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል አካባቢ ፎቶ የሚነሱ፣ ጀልባ የሚሳፈሩ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ውሃው ዳር የሚውሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እርጥብ ጣት ያሟልጫል፤ እርጥብ አሸዋ ደግሞ የወደቀበትን ወዲያው ይውጣል። የቃል ኪዳን ቀለበት፣ ሐብል፣ የመኪና ቁልፍና ሳንቲም እንዲህ ይጠፋሉ። እነዚህን በዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረታ ብረት በሚጠቁም ማሽን፣ መፈለግ በሌላው ዓለም የባሕር ዳርቻ ሰዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። በእኛ አገር ግን ዲቴክተር ሲባል ትዝ የሚለን የሆቴል በር ጠባቂው በእጁ የሚይዘው መፈተሻ ወይም ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች የሚጠቀሙበት ማሽን ነው።

ስለ እርጥብ አሸዋ ፍለጋ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው «ርካሹን ማሽን ትተህ የተሻለውን ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ለባሕር ዳርቻ ልክ ነው። ለሀዋሳ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም የባሕር ዳርቻ ፈላጊን የሚያስቸግረው የአሸዋው እርጥበት ሳይሆን በእርጥበቱ ውስጥ ያለው ጨው ነው።

የማሽኑ አሠራር ቀላል መሠረት አለው። በመሬቱ ላይ የሚወዛወዘው ክብ ጠፍጣፋ ክፍል በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለው። በሽቦው ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ ከሥሩ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ ብረታ ብረት ካገኘ በዚያ ነገር ውስጥ ትንንሽ ጅረቶች ይነሳሉ፤ እነሱም በተራቸው የራሳቸውን ደካማ መስክ መልሰው ይልካሉ። ማሽኑ የሚያዳምጠው ይህንን ምላሽ ነው። ምላሹ ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣ በመመዘንም የተቀበረው ሚስማር ይሁን መዳብ ወይም ብር ይገምታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጀምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን በመፈልሰፍ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም፤ አንዱ ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሞላ ስለነበረው ነው። መሣሪያው ብረት መስማት አላቃተውም፤ የከበበው ነገር ሁሉ ነው የጮኸበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው ፈንጂ ጠቋሚ እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ አገልግሏል። የዛሬው የመዝናኛ ዲቴክተርም የዚያ ዘር ነው፤ ትልቁ ፈተናውም ቤልን የገጠመው ያው ችግር ነው።

በባሕር ዳርቻ ያ የሚጮኸው ከባቢ ጨው ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል፤ ስለዚህም ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። አሸዋው ደረቅ ሲሆን ችግር የለም። ማዕበል የደረሰበት እርጥብ አሸዋ ግን ለማሽኑ እንደ ሰፊ ስስ ብረት ይሆንበትና ምንም በሌለበት ይጮኻል። በአንድ ድግግሞሽ (ጅረቱ በሰከንድ በሚለዋወጥበት ብዛት) ብቻ የሚሠራው ርካሽ ማሽን ያለው አማራጭ አቅሙን ዝቅ ማድረግ ወይም የጨው ምላሽ የሚመጣበትን ክልል መዝጋት ነው። ስስ የወርቅ ሐብልና ትንሽ ቀለበት የሚሰጡት ምላሽ ደግሞ እዚያው ክልል አጠገብ ይወድቃል። ጨውን ዝም ያሰኘ ወርቅንም አብሮ ዝም ያሰኛል።

«የተሻለ መሣሪያ» የሚባለው ይህንን ለመፍታት የመጣ ነው፤ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠራው ነው። ጨው ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ድግግሞሽ የሚሰጠው ምላሽ ብረታ ብረት ከሚሰጠው ስለሚለይ፣ ማሽኑ ሁለቱን አነጻጽሮ የጨውን ድርሻ ይቀንሳል። የሚንላብ ኩባንያ ኢኩዊኖክስ 800 እና የኤክስፒ ኩባንያ ዴየስ 2 የተባሉት ማሽኖች የዚህ ወገን ናቸው፤ የመጀመሪያው እስከ 3 ሜትር፣ ሁለተኛው እስከ 20 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ እንዲገቡ ተደርገው ተሠርተዋል። ሁለተኛው መንገድ በአጫጭር ምት የሚሠራው ነው። ማሽኑ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት ይልክና ያቋርጣል፤ በሰከንድ ሚሊዮንኛ የሚለካ ጊዜ ጠብቆ ያዳምጣል። የጨው ምላሽ ቶሎ ስለሚጠፋ እሱ እስኪያልፍ ይቆያል ማለት ነው። በጥልቀት ይህንን የሚስተካከል የለም። ግን ብረትን ከወርቅ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፤ ሚስማሩንም ቀለበቱንም እኩል ያስቆፍራል።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ሐይቁ በመሬት ላይ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ግን አይታይም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ጨው እያጠራቀመ መሄድ ነበረበት። ሀዋሳ ግን ጣፋጭ ውሃ እንደሆነ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ እንደሚወጣ ይታመናል። በሊትር የሚሟሟው ማዕድን ከ1 ግራም በታች ነው። ይህ ለፈላጊው ትልቅ ዕድል ነው፦ በአንድ ድግግሞሽ የሚሠራ መካከለኛ ማሽን የሀዋሳን እርጥብ አሸዋ ያለ ብዙ ጩኸት ያልፈዋል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ነገሩ ይቀየራል። ላንጋኖ ከሀዋሳ ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ ሻላና አቢጃታ ደግሞ ከባድ ሶዳ የተሸከሙ ናቸው፤ ማሽኑን የሚያስጮኸው የወጥ ጨው ብቻ ሳይሆን በውሃ የሟሟ ማንኛውም ጨው ስለሆነ እነዚያ ዳርቻዎች ወደ ባሕሩ ጠባይ ይቀርባሉ። ሻላና አቢጃታ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆኑ መቆፈሪያ ይዞ መሄጃ አይደሉም። እስከ ቀይ ባሕር ዳር የሚዘልቅ ሰው ባለ ብዙ ድግግሞሹ ማሽን ያስፈልገዋል። ለሀዋሳ ብቻ ብሎ ለእሱ ብዙ ዶላር ማውጣት ግን አይመከርም።

ይህ ማለት የሀዋሳ አሸዋ ጸጥተኛ ነው ማለት አይደለም። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አጠገብ ያለ ነው። አፈሩ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ባልጩት ይበዛበታል። በእንዲህ ያለ አሸዋ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ደቃቅ ማዕድን ይኖራል፤ ማዕበል ቀላሉን እያጠበ ከባዱን ጥቁር አሸዋ በመስመር ይከምረዋል። ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማስማማት የሚባለው ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፦ ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጎ ጥቅሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የአፈሩን ድምፅ ማጥፋት። ጥቁሩ መስመር ላይ ሲደርሱ እንደገና መድገም ይገባል። ብዙ ጀማሪ ይህንን ትቶ ማሽኑን ይወቅሳል።

ከአፈሩም የባሰው ግን ቆርኪ ነው። ሰው ተቀምጦ ቢራና ለስላሳ በሚጠጣበት ዳርቻ ሁሉ ቆርኪ አለ። ቆርኪ ከስስ ብረት የተሠራ ቢሆንም ጠፍጣፋና ክብ ስለሆነ ብዙ ማሽኖችን ያታልላል፤ እንደ ጥሩ ሳንቲም ይሰማል። የጣሳ መክፈቻ ቀለበቷና የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ደግሞ አልሙኒየም ስለሆኑ ምላሻቸው ከወርቅ ቀለበት ጋር ይቀላቀላል፤ እነሱን የዘጋ ወርቁንም ዘግቷል። በአጫጭር ምት የሚሠራው ጥልቅ ማሽን በሀዋሳ ዳር የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሳንቲሞቻችንም አንድ ዓይነት አይሰሙም። 1969 ዓ.ም. የታተመባቸው አምስትና አሥር ሳንቲሞች መጀመሪያ ናስ ነበሩ፣ ባለ አንድ ሳንቲሟ አልሙኒየም ናት፤ በኋላ የወጡት ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ማግኔት ይስባቸዋል። የዳርቻ መከላከያ ግንብ አጠገብም የተቀበረ ፌሮ ካለ ማሽኑ እረፍት አያገኝም፤ ትንሽ ጥቅል መግጠም ወይም ራቅ ብሎ መሥራት ነው።

ስለዚህ በሀዋሳ ገንዘብ መዋል ያለበት ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ውሃ መቋቋም ነው። የብዙ ማሽኖች ጥቅል ውሃ ውስጥ ይገባል፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ግን አይገባም፤ አንድ ማዕበል ያበላሸዋል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ጠቋሚ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የወረደ እጅ እርጥብ አሸዋን ከቀለበት በዳበሳ ለመለየት ይቸገራል፤ ጠቋሚው በሰከንዶች ይለየዋል። ሦስተኛው ቀዳዳ ያለው የብረት አካፋ ነው። እርጥብ አሸዋ ጎኑ ይናዳል፣ ጉድጓዱ በውሃ ይሞላል፤ ተራ አካፋ ይዞ የሚታገል ሰው ያገኘውን መልሶ ያጣዋል። እዚሁ ከተማ ያለ ብየዳ ቤት ከላሜራ ሊሠራው ይችላል።

ሐይቅ የባሕር ሞገድ ማፈግፈግ የለውም። ባሕር በቀን ውስጥ ወጥቶ ሲመለስ አዲስ አሸዋ ይገልጣል፤ በሀዋሳ ይህንን የሚያደርገው ወቅቱ ነው። ውሃው ከክረምት ዝናብ በኋላ ከፍ ይላል፣ በበጋው መጨረሻ ዝቅ ይላል። በመስከረምና በጥቅምት ውሃ ውስጥ የወደቀ ነገር ከብዙ ወር በኋላ በእግር የሚረገጥ ዳርቻ ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዓመት ዓመትም ሐይቁ ወደ ከተማው ገፍቶ ያውቃል፤ የድሮ መቀመጫ የነበረ መሬት ዛሬ ውሃ ሥር ነው። ከባድ ነገር በማዕበል እየተነቀነቀ ጠንካራ ንጣፍ እስኪያገኝ ይሰምጣል፤ ሳንቲም በሚያህል ነገር ላይ ደግሞ ማሽኑ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ጥሩ ነው። ቶሎ መፈለግ ዘግይቶ ውድ ማሽን ከማምጣት ይሻላል።

ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ሐይቁ ጉማሬ አለው፤ ሸምበቆ አጠገብ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ብቻውን የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ማጎንበስ አደገኛ ነው። ቢልሃርዝያም አለ። ጉልበት ድረስ የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ከማሽኑ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ጥንታዊ ነገር የፈላጊው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ሳይነካካ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። በስምጥ ሸለቆ ከባልጩት የተሠሩ ጥንታዊ መሣሪያዎች በብዛት ስለሚገኙ ይህ ለሀዋሳ ፈላጊ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ማሽኑ ባልጩት አይሰማም፤ አካፋው ግን ያወጣዋል። ማሽን ከውጭ ለማስገባት ያሰበም አስቀድሞ ጉምሩክን ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ የሆቴልና የሪዞርት ግቢ ውስጥ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የጠፋ ቀለበት ባለቤት አለው። ያገኘው ሰው ለአካባቢው ፖሊስ ያስመዘግባል፤ ሲያስነግር «ቀለበት ተገኝቷል» ብቻ ይላል እንጂ ዓይነቱንና ውስጡ የተቀረጸውን ስምና ቀን አይገልጽም። እሱን መናገር ያለበት «የእኔ ነው» ብሎ የመጣው ሰው ነው።