ዋሽንግተን ካፒታልስ፦ የአሜሪካ ዋና ከተማ የበረዶ ሆኪ ቡድን

ዋሽንግተን ካፒታልስ የአሜሪካና የካናዳ ቡድኖች በሚፎካከሩበት ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የሚጫወት የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። ደጋፊዎቹ «ካፕስ» ይሉታል። ሜዳው በዋሽንግተን መሃል ከተማ ቻይናታውን ይገኛል፤ በዚያ አካባቢ ታክሲ ያሽከረከረ ኢትዮጵያዊ በጨዋታ ምሽት መንገዱ በቀይ ማልያ እንዴት እንደሚጥለቀለቅ ያውቀዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑን የመሠረቱት የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት ኤብ ፖሊን ሲሆኑ፣ በ1974 ከካንሳስ ሲቲ ጋር ሊጉን ተቀላቀለ። ነባሮቹ ቡድኖች ለአዲስ ገቢዎቹ የለቀቁት የማይፈልጓቸውን ተጫዋቾች ስለነበር የመጀመሪያው ዓመት መከራ ሆነ፦ ከ80 ጨዋታ 8 ድል፣ 5 አቻ፣ 67 ሽንፈት፤ 446 ጎልም ተቆጠረበት። ከሜዳው ውጭ ካደረጋቸው 40 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ማርች 28 ቀን 1975 ካሊፎርኒያ ጎልደን ሲልስን 5 ለ 3 ሲረታ ተጫዋቾቹ የቆሻሻ በርሜል እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ጨፈሩ። ይሁንና ያንን ዘመን በሽንፈት ብቻ ማስታወስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዊሊ ኦሪ ቀጥሎ በሊጉ የተሰለፉት ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥቁር ተጫዋቾች ማይክ ማርሰንና ቢል ራይሊ የለበሱት የካፒታልስን ማልያ ነበር።

ቀጣዮቹ ሰባት ዓመታትም ያለ ጥሎ ማለፍ አለፉ። በ1982 ቡድኑ ከከተማዋ ሊወጣ ነው ተብሎ ደጋፊው «ካፕስን እናድን» በሚል ዘመቻ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ፖይል ከሞንትሪያል ጋር ባደረጉት የተጫዋቾች ልውውጥ ያመጡት ተከላካይ ሮድ ላንግዌይ በተከታታይ ሁለት ዓመት የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ሆነ፤ ቡድኑን ከስደት ያዳነው ያ ልውውጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥሎ ማለፉ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ያልፋል፤ በ1987 ከኒውዮርክ አይላንደርስ ጋር የተደረገው ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ እስከ አራተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ዘልቆ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ በፓት ላፎንቴን ጎል 3 ለ 2 በሽንፈት ተቋጨ። ዕለቱ ፋሲካ ነበር፤ በዚያ ዓመት የምዕራባውያኑና የኦርቶዶክሱ ትንሣኤ ገጥመው ነበር። በ1997 ቡድኑ ከሜሪላንዱ ላንዶቨር ወደ አሁኑ ሜዳው ገባ፤ በ1998 ለፍጻሜ ደርሶ በዲትሮይት በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 ተረታ።

ታሪኩን የለወጠው አሌክሳንደር ኦቬችኪን ነው። በ2004 ከአዲስ ተጫዋቾች ሁሉ በቀዳሚነት ተመረጠ፤ በ2007/08 ብቻ 65 ጎል አስቆጠረ። ቡድኑ በመደበኛው ውድድር እየመራ በጥሎ ማለፍ መውደቁ ግን ልማድ ሆነ፤ በ2016 እና በ2017 ከሊጉ አንደኛ ወጥቶም ሁለቱንም ጊዜ ያሰናበተው ፒትስበርግ ነው። በ2018 በአሰልጣኝ ባሪ ትሮትዝ እየተመራ ያንኑ ፒትስበርግ ጥሎ፣ ታምፓ ቤይን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ ግብ ጠባቂው ብሬደን ሆልትቢ በዱላው ያዳናት ፓክ (በኳስ ፈንታ የሚጫወቱባት ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) ባትኖር ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ጁን 7 ላስ ቬጋስ ላይ ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ አቻ አደረገ፣ ላርስ ኤለር የማሸነፊያዋን አገባ፤ በ4 ለ 3 ድል የሊጉ ሻምፒዮን የሚሸለመው የስታንሊ ዋንጫ ከ44 ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ገባ። ትሮትዝ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለቀቁ፤ በውል ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው ነው ይባላል።

ኦቬችኪን ኤፕሪል 6 ቀን 2025 በ1,487ኛ ጨዋታው 895ኛ ጎሉን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትዝኪን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ግሬትዝኪ 894 ጎል ያገባውም በዚያው የጨዋታ ብዛት ነው። ለሩሲያው ፕሬዚዳንት በአደባባይ ድጋፍ በመስጠቱ የሚነቅፉት አሉ። ጎል አግቢነቱን ግን የሚጠራጠር የለም።

የካፒታልስ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ በ2023 መጨረሻ ቡድኑን ወደ ቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ለማዛወር አቅደው ነበር። እቅዱ በማርች 2024 ፈርሶ፣ ከተማዋ ለሜዳው እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ልትመድብ፣ ቡድኑም እስከ 2050 በቻይናታውን ሊቆይ ተስማሙ።