ስክራፕ ኩዊልት ምንድን ነው? የተረፉትን ብሎኮች ገጣጥሞ ስለመጨረስ

ስክራፕ ኩዊልት ማለት ባጭሩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። እናቴ በቪዲዮ ሳሳያት «ውይ ድሪቶ ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ፣ ብዙም አልተሳሳተችም። ልዩነቱ ድሪቶ የሚጣፈው ልብሱ ስለተቀደደ ነው፣ እራፊው የሚያርፈው ቀዳዳው ያለበት ቦታ ነው። ኩዊልት ላይ ግን የሚሸፈን ቀዳዳ የለም፣ ቁርጥራጩ ራሱ ነው ልብሱ፣ የት እንደሚያርፍም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ኩዊልት ለመባል ሶስት ድርብ መሆን አለበት። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ አለ (ቶፕ ይሉታል)፣ መሀል ላይ ባቲንግ የሚባል ስስ የተነጠፈ ጥጥ፣ ከታች ደግሞ ገበሩ። ሶስቱን አንድ ላይ ወግቶ የሚይዘው ስፌት ነው እንግዲህ ኩዊልቲንግ የሚባለው። ስለዚህ ቶፑን ብቻ ሰፍቶ አጥፎ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው (እኔ ሁለት አመት አስቀምጬዋለሁ) ገና ኩዊልት የለውም።

ብሎክ ደግሞ ቶፑ የሚሰራበት አንዱ ካሬ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሰፉ ሰዎች ቤት ብትሄዱ አንድ ካርቶን ሙሉ የተረፈ ብሎክ አታጡም፣ አንዱ ለሙከራ የተሰፋ፣ አንዱ ከለሩ አልሄድ ብሎ የወጣ፣ አንዱ ተቆጥሮ የተረፈ ምናምን። «ኦርፋን ብሎክ» ይሏቸዋል፣ ወላጅ አልባ እንደማለት። እኔም የጀመርኩት ጎረቤቴ እቃ ስታራግፍ በሰጠችኝ የጫማ ካርቶን ነው።

ከትራፊ መስፋት ሲባል ሁሌ የሚነሳው ቦታ አላባማ ያለው ጂዝ ቤንድ ነው፣ በመንግስት ስሙ ቦይኪን፣ የአላባማ ወንዝ ጠምዝዞ የከበበው ሰፈር። እዛ ያሉት ጥቁር አሜሪካዊ ሴቶች፣ አብዛኞቹ በባርነት ከነበሩ ሰዎች የተወለዱ፣ ያረጀ የስራ ሱሪና የዱቄት ከረጢት ሳይቀር እየቀደዱ ለብርዱ ይሰፉ ነበር። በፈረንጆች 1966 የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል ማህበር አቋቋሙ፣ 1972 ላይ ማህበሩ ለሲርስ ሱቆች የትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋለ፣ ጨርቁ ኮርዱሮይ ነበር (ያ ወፍራም ባለመስመሩ)። የተረፈው ቁራጭ ወደየቤቱ ሄዶ ኩዊልት ሆነ፣ እነዚህ የኮርዱሮይ ኩዊልቶች ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ትልቁ ኤግዚቢሽን 2002 ሂውስተን ተከፈተ፣ 2006 ላይ ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ስራዎቻቸውን ቴምብር አደረጋቸው። ፎቶዎቹን ብታዩ መስመሩ ትንሽ ይንጋደዳል፣ ማንም ግን ስህተት ነው አይልም።

እሺ ወደ ካርቶናችን። ሰው የሚያቆመው ብሎክ አንሶት አይደለም፣ ልኩ አልገጥም ብሎት ነው። አንዱ 8 ኢንች፣ አንዱ 9፣ አንዱ 12 ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ላይ ያደረኩት ሞኝነት ትንሹን ስቤ ከትልቁ ጋር መስፋት ነበር፣ ጨርቁ ይሳባል እኮ፣ ግን ካውያ ሲያርፍበት እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን መሀሉ ጉብ አለ፣ ሁሉንም መፍታት ነበረብኝ። መፍትሄው ለትንሹ ዙሪያውን ፍሬም መስፋት ነው። ብሎክ ሲቆረጥ 12 ተኩል ኢንች ሆኖ ሲሰፋ 12 የሚሆነው በየጎኑ ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ስፌቱ ስለሚበላው ነው። ስለዚህ ለ8 ኢንቹ በአራቱም ጎን 3 ኢንች ስፋት ያለው ቁራጭ ትሰፉና በማስመሪያ ወደ 12 ተኩል ትከረክሙታላችሁ፣ ሆን ብሎ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ መከርከም ልክ ልክ ቆርጦ ከመጨነቅ በጣም ይሻላል።

ልኩ አንድ ሲሆን በየብሎኩ መሀል ቀጭን መለያ ይገባል፣ ሳሺንግ ይባላል። የኔ ምክር መለያው በሙሉ አንድ አይነት ጨርቅ ይሁን፣ ነጭ አቡጀዲም ቢሆን። አስራ ሁለት የማይተዋወቅ ብሎክ ላይ ሌላ አስር ከለር መጨመር ገበያ ያስመስለዋል። ነጠላ ላይ ጥለቱ ዳሩን እንደሚይዘው አይነት ነገር ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 12 ብሎክ ሶስት በአራት ደርድራችሁ በየመሀሉና በየዳሩ ተሰፍቶ 2 ኢንች የሚሆን መለያ ብታስገቡ 44 በ58 ኢንች ይመጣል፣ 112 በ147 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ሶፋ ላይ እግር ለመሸፈን ይበቃል። በነገራችን ላይ ቀይና ድፍን ሰማያዊ ጨርቅ ካለ ቀለሙን እንዳይለቅ ቀድማችሁ እጠቡት፣ በተለይ ነጭ አጠገብ ከሆነ።

ከዛ ገበሩን ፊቱን ወደታች አድርጎ ወለል ላይ ወጥሮ በፕላስተር መያዝ፣ ላዩ ላይ ጥጡን፣ ላዩ ላይ ቶፑን። ገበሩና ጥጡ በየጎኑ ሶስት አራት ኢንች ይትረፍ፣ ሲሰፋ ይሸሻልና። ከመሀል ጀምሮ በመርፌ ቁልፍ መያያዝ፣ በመርፌና መርፌ መሀል ከመዳፍ የሚበልጥ ክፍተት አይኑር (ጉልበት የሚያመው ይሄ ነው፣ ትልቅ ጠረጴዛ ያለው ሰው ይጠቀምበት)። ስፌቱም ከመሀል ወደ ዳር ነው፣ ከዳር ከጀመራችሁ ጨርቁ መሀል ላይ ይጠራቀምና ይጨማደዳል። መስመሮቹ ምን ያህል መራራቅ እንደሚችሉ የጥጡ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት፣ በጣም ከተራራቀ ሲታጠብ ጥጡ አንድ ጥግ ይሰበሰባል።

መጨረሻ ላይ ትርፉ ተከርክሞ ዳሩ ይዘመዘማል። 2 ተኩል ኢንች ስፋት ያለው ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ዙሪያውን ይሰፋል፣ ለዚህኛው ልክ ዙሪያው 204 ኢንች ነው፣ ለማእዘኑና ለመቀጠያው አስር አስራ ሁለት ኢንች ጨምሩበት። የተለያየ ትራፊ ቀጣጥሎ መዘምዘምም ይቻላል፣ እኔ ያደረኩት እሱን ነው።

ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጥጡ ትንሽ ስለሚኮማተር ላዩ ሽብሽብ ይላል። ተበላሸ ብላችሁ ካውያ እንዳታነሱ፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው። እናቴ ግን አሁንም «ጋቢ ልላክልሽ» እያለችኝ ነው።