«አነቃቂ» ተብሎ ምልክት የሚያጠፋው ፕሮቲን

በፈንገስ ሕዋስ ውስጥ ምልክት ስለሚያስተላልፉት ጥቃቅን ጂቲፒኤዞች (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሚሠሩ ፕሮቲኖች) ሲማሩ ብዙዎች የሚደናገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ጂቲፒኤዝ አነቃቂ» የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን የሚያስቆም መሆኑ።

ጂቲፒኤዙ ጂቲፒ የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል ሲይዝ ይሠራል፣ ጂቲፒ ተቆርጦ የሚቀረውን ጂዲፒ ሲይዝ ያርፋል። ጂቲፒውን ቆርጦ ወደ ጂዲፒ የሚለውጠው ራሱ ነው፤ ግን ሥራው እጅግ ዘገምተኛ ነው። አነቃቂው የሚያፋጥነው ይህንኑ መቁረጥ ነው። መቁረጡ ከፈጠነ ደግሞ ምልክቱ ቶሎ ይጠፋል። የሚያበራው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ «ለዋጭ» ልንለው እንችላለን። ጂዲፒውን ያስለቅቃል፣ በሕዋሱ ውስጥ በብዛት ያለው ጂቲፒም ቦታውን ይይዛል።

በዳቦ እርሾ ውስጥ ሲዲሲ42 የተባለው ጂቲፒኤዝ ሕዋሱ በየት በኩል እንደሚያጎነቁል ይመራል። ለዋጩ ሲዲሲ24 ነው። እሱ ከተበላሸ ሕዋሱ ማጎንቆል ተስኖት ዝም ብሎ ይተልቃል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ራስ (Ras) የተባሉት ጂቲፒኤዞች ጉዳይ ይመስለኛል። ራስ በበራ ቁጥር እርሾው ምግብ እንዳለ ቆጥሮ ያድጋል። አነቃቂዎቹ ኢራ1 እና ኢራ2 ናቸው። እነሱ ሲጎድሉ ራስ ሳይጠፋ ይቀራል፤ ሕዋሱ ምግብ ሲያልቅ ለክፉ ቀን አይዘጋጅም፣ ድንገተኛ ሙቀትም በቀላሉ ይገድለዋል። በሰው ውስጥ ያለው ኒውሮፋይብሮሚን የተባለ ፕሮቲን የኢራ ዘመድ ነው። የእሱ ጂን ሲበላሽ በነርቮች ላይ እብጠት የሚያወጣው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ይከሰታል፤ ምክንያቱም እዚያም የራስ ፕሮቲኖችን ምልክት የሚያጠፋው ይጎድላል።