ነፃ የሕግ ድጋፍ ምንድን ነው? መድኃኒት ጉዳት ሲያደርስስ?

የመክፈል አቅም ለሌለው ሰው ጠበቃ ወይም የሕግ ተቋም ያለ ክፍያ ሲያማክር፣ ክስ ሲጽፍለትና ችሎት ቆሞ ሲከራከርለት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይባላል። ብዙ ሰው እንደ ምጽዋት ያየዋል። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። ጎጃም ውስጥ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች በዚሁ ሥራ ይታወቃሉ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም የሚያዘው ለወንጀል ተከሳሽ ነው። በመድኃኒት ተጎድቶ ካሳ የሚጠይቅ ግን ከሳሽ ስለሆነ ያ በር አይከፈትለትም፤ ነፃ ድጋፉ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቫዮክስ የተባለው የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ ወጥቶ፣ አምራቹ መርክ በ2007 ክሶቹን በ4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማምቷል። እዚያ እንዲህ ያለ ክስ የሚይዝ ጠበቃ ግን ከካሳው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል እንጂ በነፃ አይሠራም።

ጠበቃው መጀመሪያ የሚለየው ነገር ጉዳቱ የመድኃኒቱ የታወቀ ባሕርይ ነው ወይስ የሰው ጥፋት የሚለውን ነው። ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጆሮንና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። ስለዚህ «ጆሮዬ ደነቆረ» ማለት ብቻውን አያስረታም። መጠኑ በክብደት ተሰልቷል? ኩላሊት ተመርምሯል? ለበሽተኛው ተነግሮታል? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው ተወግቶ ነርቭ የነካና እግር ያሰነከለ መርፌ ግን ወደ ባለሙያ ጥፋት ያዘነብላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። እንክብሉ ራሱ ብልሹ ከሆነ ተከሳሹ በቁጥር 2085 መሠረት አምራቹ ይሆናል።

ጉዳዩ በአብዛኛው የሚበላሸው ጠበቃ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። ማሸጊያው ምድጃ ገብቷል፣ ክኒኑ በወረቀት ተጠቅልሎ ያለ ደረሰኝ ተገዝቷል፤ እንግዲህ ማን ይከሰስ? ስለዚህ ብልቃጡን ከነቀሪው ማስቀመጥ፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የማዘዣውንና የሕክምና ካርዱን ቅጂ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ጉዳቱን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃው 8482 ስልክ ማሳወቅም ይጠቅማል። ይህ ግን ክስ አይደለም፤ ይርጋም፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ አያቆምም።

ይርጋው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው (ቁጥር 2143)፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ይራዘማል። በእኛ አገር ይህን ጊዜ የሚበላው ሽምግልና ነው፦ ሽማግሌ ይላካል፣ ለፋሲካ ይባላል፣ ለመስቀል ይባላል። ሽምግልናውን ማንም አይከለክልም፤ ክሱን ግን ከጎኑ ማስገባት ነው።

የካሳው ዋና ክፍል የገቢ ማጣት ነው፤ የሞራል ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ደመወዝ የሌለው ገበሬ ገቢውን በምን ያስረዳል? በይዞታ ደብተሩ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረጃ፣ ስንት ኩንታል ጤፍ ያፍስ እንደነበር በሚያውቁ ጎረቤቶች። ለባለጉዳይ ክስ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ዘለው «ተጎድቻለሁና ይካሰኝ» ብቻ ይጽፋሉ።

ጠበቃው በነፃ ቢቆምም የዳኝነት ክፍያው ይቀራል። እሱን ለማስቀረት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይጠየቃል፤ ከማመልከቻው ጋር የሀብት ዝርዝር ከነግምቱ ይያያዛል። ጥማድ በሬ ያለው በሬውን መደበቅ የለበትም። በሬው እያለም ክፍያውን መክፈል እንደማይችል ማስረዳት ይሻለዋል፤ የተደበቀው በሬ ችሎት ላይ ከተነሣ ሌላውን ቃሉንም የሚያምነው አያገኝም።