ሸሜይነስን «የሞተች ከተማ» አትበሉብኝ

በየጸደዩ ዘመድ በሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና) ጭኜ ከካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ወደ ቫንኩቨር ደሴት፣ ወደ ትንሿ ሸሜይነስ እሻገራለሁ። በየጸደዩ ያንኑ ወሬ እሰማለሁ። ዘንድሮ ሰለቸኝ።

«የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል።» አይጠይቅም። እዚህ ተራው የቤት መኪና ፈቃድ ይበቃል።

«ፌሪው (መኪና የሚያሻግረው መርከብ) ላይ ሁሉም መኪና እኩል ይከፍላል።» በርዝመት ነው! ከተወሰነው ርዝመት ካለፈ ለእያንዳንዷ ጫማ ጭማሪ አለ። ከኋላ ያሰራችሁት የብስክሌት መስቀያም ይለካል።

«ስፕሪንግ ገብቷል፣ በቃ ተነስቶ መሄድ ነው።» ቆይ እንጂ! ሞተርሆም ክረምቱን ሲቆም ቧንቧው በበረዶ እንዳይፈነዳ ሮዝ ፈሳሽ ይሞላበታል። መጀመሪያ ውሃው እስኪጠራ ማፍሰስ ግድ ነው። እኔ ረሳሁት፤ አክስቴ ጀበናውን ከቧንቧው ሞሉ። ጀበና ውስጥ ቀለም አይታይ። አንድ ፉት ብለው «ስኳር ማን ጨመረበት?» አሉ። ቡናው ተደፋ፤ እኔም እስከ ማታ ተሰደብኩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «መሰንጠቂያው ተዘጋ፣ ከተማዋ ሞተች፣ ከዚያ ሥዕል ቀቡባት» ይላሉ። ተገልብጧል። የመጀመሪያዎቹ የግድግዳ ሥዕሎች የተሳሉት በ1982 ነው፤ ትልቁ የእንጨት መሰንጠቂያ የተዘጋው በ1983። (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ካርል ሹትዝ የሚባል የከተማዋ ነጋዴ ሮማንያ ውስጥ የውጭ ግድግዳቸው በሥዕል የተሸፈነ ገዳማት አይቶ ነበር። የእኛንም ታሪክ ግድግዳ ላይ እናውጣው ያለው መሰንጠቂያው ገና ሳይዘጋ ነው። በ1985 ደግሞ አነስ ያለ አዲስ መሰንጠቂያ ተከፈተ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የሞተችው?

ሥዕሎቹ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ጌጥ ብቻ አይደሉም። እንጨት በትከሻቸው መርከብ ላይ የሚጭኑ ቻይናውያን አሉ፤ ከሁሉም በፊት የነበሩት የአገሬው ነባር ሕዝቦች አሉ። ከመኪና መስኮት ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ። ሞተርሆሙን አቁሙና አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ቢጫ የእግር ኮቴ ተከተሉ። ጃንጥላ ያዙ፣ ሚያዝያ ላይ ይዘንባል።

በ1982 ከተሳሉት አንዱ «ስቲም ዶንኪ ሥራ ላይ» ይባላል። ስሙን ለአክስቴ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹት።

«አህያዋ የታለች?»

ግንድ በሽቦ ገመድ ከጫካ የሚጎትተውን የእንፋሎት ሞተር አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩትና፣ «እሷም ሸክም ላይ ናት ለካ» አሉ።