ትልልቅ የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላኖች፦ ሞተሩና ግንባታው

ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ክብደቱ ከሰባት ስምንት ኪሎ ይጀምርና ሃያንም ያልፋል። ውስጡ ሰው የለም፤ አብራሪው ሜዳው ዳር ቆሞ በእጁ በያዘው ሬዲዮ ያዘዋል። የሚጠጣው ደግሞ ከመንገድ ዳር ማደያ የተቀዳ ተራ ቤንዚን ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የዚህ ዓይነቱ ሞዴል «ጃያንት ስኬል» ይባላል። በአሜሪካ አይኤምኤኤ የሚባለው ማኅበር ለዚህ መለኪያ አውጥቷል። ባለ አንድ ክንፍ ከሆነ ቢያንስ 80 ኢንች፣ ማለትም 203 ሴንቲ ሜትር። ድርብ ክንፍ ከሆነ 60 ኢንች። ወይም ደግሞ የእውነተኛው አውሮፕላን አንድ አራተኛ።

ከድሮን ጋር አይምታታ። ዘመናዊ ድሮን መቆጣጠሪያውን ቢለቁት ባለበት ተንሳፍፎ ይጠብቃል። ይህኛው አይጠብቅም፤ ካልበረረ ይወድቃል። መጫወቻ ነው የሚል ሰው ካለ ሞተሩ ሲነሳ አጠገቡ ቆሞ ይስማው።

አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ሞተሩ ነው። እኔ እንደማየው ግን ሞተሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ፋብሪካ ሠርቶት፣ ፈትኖት፣ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ጣጣው ያለው በዙሪያው ነው፤ ንዝረቱ፣ ሙቀቱ፣ ነዳጁና ክብደቱ ላይ።

ከየት መጣ?

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቤንዚን በሞዴል አውሮፕላን ዓለም ስም ያወጣው በ1930ዎቹ አሜሪካ ነው። ቢል ብራውን የተባለ ወጣት «ብራውን ጁኒየር» የተባለችውን ትንሽ ሞተር ሠራ። በ1933 ማክስዌል ባሴት በብራውን ሞተር የሚበሩ ሞዴሎችን ይዞ ብሔራዊ ውድድር ገባ። በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚበሩትን አስከንድቶ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የቤንዚን ሞዴሎች የራሳቸው ምድብ ተሰጣቸው። ከላስቲክ ጋር ማወዳደሩ ግፍ ነበር።

በ1937 ደግሞ ዋልተር እና ዊልያም ጉድ የተባሉ ወንድማማቾች በሚሺጋን ካላማዙ ከተማ «ጋፍ» የተባለውን ሞዴላቸውን በሬዲዮ አበረሩ። ክንፉ 2.4 ሜትር ገደማ ነበር። ያኔ ትልቅ መሥራት ምርጫ አልነበረም፤ የዘመኑ ሬዲዮና ባትሪ ከባድ ስለነበር የሚሸከም ክንፍ ያስፈልግ ነበር። ጋፍ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረትነት ተቀምጧል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቅርንጫፍ ደግሞ አለ። ሬጂናልድ ዴኒ የተባለ የሆሊውድ ተዋናይ የሞዴል አውሮፕላን ፍቅር ነበረበት። ፍቅሩ ሬዲዮፕሌን ወደሚባል ድርጅት አደገ። ድርጅቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፀረ አውሮፕላን ተኳሾች መለማመጃ የሚሆን ኦኪው-2 የሚባል በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ሠራ። ክንፉ 3.7 ሜትር፣ ሞተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነበር። ከተለያዩ ዓይነቶቹ ወደ 15,000 የሚጠጉ ተመርተዋል። በ1945 ኖርማ ጂን የተባለች የፋብሪካው ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለች አንድ የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ አነሳት። በኋላ ዓለም ያወቃት ማሪሊን ሞንሮ ተብላ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቤንዚን ቦታውን ለቀቀ። በ1947 ሬይ አርደን በጋለ ሽቦ የሚያቀጣጥል ካንዴላ ለገበያ አቀረበ። ባትሪና ኮይል መሸከም ቀረ። ሞዴሎች ሁሉ ሜታኖልና ዘይት ወደ መጠጣት ዞሩ። ይህ ነዳጅ ለትንሽ ሞተር ግሩም ነው። ሞተሩ ሲተልቅ ግን ኪስ ያራቁታል። እንዲያውም ቤንዚንን የመለሰው የእንጨት መቁረጫ ሞተር መጋዝና የሣር ማጨጃ ነው። ሰዎች ሞተራቸውን እየፈቱ አፍንጫው ላይ ፕሮፔለር አሰሩ። ከካናዳ የመጣው ኳድራ እና የጃፓኑ ዜኖአ በዚህ መንገድ ስም አወጡ። ዛሬ ለአውሮፕላን ብለው የሚሠሩ አሉ፤ የአሪዞናው ዴዘርት ኤርክራፍት፣ የጀርመኑ 3ደብሊው፣ ዋጋውን የሰበረው የቻይናው ዲኤልኢ።

ሞተሩ

አብዛኛው ቱ ስትሮክ ነው፤ ፒስተኑ ወጥቶ በገባ ቁጥር አንዴ ያቀጣጥላል። ቫልቭ የለውም፣ የዘይት ጋን የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። አዲስ ሞተር ሲለማመድ ብዙ ጊዜ 32 ለ1 ይባላል፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊ ሊትር ገደማ። ከተለማመደ በኋላ 40 ለ1 ወይም 50 ለ1 ይሆናል። ፋብሪካው የጻፈውን መከተል ነው፤ የጓደኛ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

50 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚሰጠው ጉልበት ወደ 5 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። 22 ወይም 23 ኢንች ፕሮፔለር ያዞራል። 2.2 ሜትር ክንፍ ላለው አውሮፕላን ይበቃል። 100 ሲሲ ሲሆን ሁለት ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ይተኛሉ። ፒስተኖቹ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይገባሉ። የአንዱ ግፊት የሌላውን ስለሚያጣፋ ንዝረቱ በጣም ይቀንሳል። እነዚህ እስከ 28 ኢንች ፕሮፔለር ያዞራሉ። 28 ኢንቹ በደቂቃ 6,500 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለጣት ምሕረት የለውም። የጩኸቱም ምንጭ ማርሚታው ብቻ አይደለም፣ ይህ ጫፍም ነው።

ካርቡራቶሩ ብዙ ጊዜ ዋልብሮ የሚባለው ፋብሪካ ሥራ ነው። በሞተሩ የውስጥ ግፊት የሚመታ ስስ ገለፈት ነዳጁን ራሱ ይስባል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ቢበርም ነዳጅ አይቋረጥም። ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ይስተካከላሉ። አንዱ ለሚኒሞ፣ ሌላው ለሙሉ ጉልበት። ነዳጅ ሲያንስ ሞተሩ መሬት ላይ ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣል። አየር ላይ ግን ይግላል፣ ፒስተኑም ሊነክስ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ከፍተኛውን ዙር ካገኙ በኋላ ብሎኑን ትንሽ መልሰው ነዳጅ የሚጨምሩለት።

ከፍታም ይቆጠራል። በባሕር ጠለል የተስተካከለ ሞተር አዲስ አበባ ቢመጣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ነዳጁ ይበዛበታል። ቢስተካከልለትም የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ክንፉም የሚይዘው አየር ስለሚቀንስ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ከፍታ ላይ ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዴንቨር ያሉ አብራሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ብልጭታውን የሚሰጠው ኢግኒሽን የሚባል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ነው። ፕሮፔለሩ ሥር ማግኔት ተቀብሯል። ማግኔቱ በሴንሰሩ ፊት ሲያልፍ ካንዴላው ይተኩሳል። ሳጥኑ ዙሩ ሲጨምር የተኩሱን ሰዓት ያስቀድማል፣ ሲነሳ ደግሞ ያዘገያል። በእጅ ሲነሳ ጣት መልሶ የመምታት አደጋው የቀነሰው በዚህ ነው።

ንዝረት፣ ሙቀት፣ ነዳጅ

እንጨቱ ባልሳና ኮምፔንሳቶ ነው። ባልሳው ለቅለት፣ ኮምፔንሳቶው ለጥንካሬ። ሞተሩ የሚታሰርበት የፊት ግድግዳ ከሁሉም ይበልጥ ይመረመራል። ተሠርተው በሚመጡ አውሮፕላኖች ላይ ፋብሪካው የተወውን ሙጫ አለማመን ደንብ ነው። ገንቢው ማዕዘኖቹን በባለ ሦስት ማዕዘን እንጨትና በኢፖክሲ ይደግፋል፣ አንዳንዱም የእንጨት ችንካር ያስገባል። የብረት ብሎን ሁሉ ሎክታይት፣ ማለትም ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ፣ ይቀባል። ንዝረት ያልተቀባን ብሎን ፈልጎ ያገኛል። ወሬ አይደለም፤ ከጥቂት በረራ በኋላ ማርሚታው ሲንጠለጠል ይታያል።

የእንጨት ፕሮፔለር ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ እንጨቱ ከብሎኑ ሥር ይታመቃል። ሚዛኑም መታየት አለበት። የአንዱ ምላጭ ጥቂት ግራም ብልጫ አውሮፕላኑን በሙሉ ያንቀጠቅጣል።

ሙቀት ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሰው የፊት ቀዳዳውን ያሰፋል። አየር ግን ካልወጣ አይገባም። መውጫው ከመግቢያው ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ መሆን አለበት ይባላል። አየሩም በሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ክንፍ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ ከስስ እንጨት ወይም ከአሉሚኒየም መከለያ ይሠራለታል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ላይ ይህ ከቀረ አንዱ ቀዝቅዞ ሌላው ይቃጠላል።

ነዳጅ መስመሩ ቤንዚን የሚችል ቱቦ መሆን አለበት። ለሜታኖል የሚያገለግለው የሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይበላሻል። ታንኩ ውስጥ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ቱቦ አለ፤ አውሮፕላኑ እንዴትም ቢዞር ነዳጁን ተከትሎ ይሄዳል። ግማሽ ሊትር ለ50 ሲሲ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ ከተነሳ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በነሐሴ 2003 የሜይናርድ ሂል ቡድን ከአምስት ኪሎ ያነሰች ሞዴል ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ለቀቀ። ከ38 ሰዓት በላይ በርራ አትላንቲክን ተሻግራ አየርላንድ አረፈች። 10 ሲሲ ሞተሯ የፋኖስ ነዳጅ ነበር የሚጠጣው። ሂል ራሱ ዓይኑ በጣም የደከመ አዛውንት ነበር። ትልቅ አውሮፕላን አይደለችም፤ ግን ካርቡራቶር በትዕግሥት ሲስተካከል ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

የክብደት ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ከክንፉ ፊት ጠርዝ ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ያርፋል። ጭራው ከከበደ አውሮፕላኑ አይታዘዝም። ብልሁ ገንቢ እርሳስ አይጨምርም፤ ባትሪውን ወደፊት ይገፋል።

ሬዲዮና አነሳስ

የድሮው 72 ሜጋ ኸርዝ ሬዲዮ ከካንዴላው ብልጭታ ጋር ይጣላ ነበር። የ2.4 ጊጋ ኸርዙ ይህን ችግር በእጅጉ አቃልሎታል። ቢሆንም የኢግኒሽኑን ሳጥን ከሬዲዮ መቀበያው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ፣ የነዳጅ መስጫውን ዘንግም ከብረት ሳይሆን ከናይለን መሥራት አልቀረም። የሬዲዮውን ትእዛዝ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጡት ትንንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮዎቹ፣ ጥርሳቸው ብረት ነው። በትልልቆቹ ላይ ለአንድ አይሌሮን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን ለሚያጋድለው የክንፍ ቅጠል፣ ሁለት ይታሰራሉ። ለመቀበያው ሁለት ባትሪ ይሰጠዋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ያሳርፋል። ኢግኒሽኑን ከመሬት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ የግድ ነው።

ሲነሳ አንድ ሰው ጭራውን ይይዛል፣ ወይም ጭራው ይታሰራል። የአየር መዝጊያው ይዘጋል፣ ኢግኒሽኑ ይበራል፣ ወፍራም ጓንት ያደረገ እጅ ፕሮፔለሩን ይመታል። አንዴ «ጷ» ብሎ ሲጠፋ መዝጊያው ይከፈታል። ከዚያ ሁለት ሦስት ምት ይበቃዋል። በፕሮፔለሩ ትክክል ማንም አይቆምም፣ ባለቤቱም ቢሆን።

የት ይበራል?

አሜሪካ ውስጥ የሞዴል አብራሪዎች እናት ማኅበር ኤኤምኤ ነው። በ1936 ተመሠረተ፤ መቀመጫው ኢንዲያና ውስጥ መንሲ ከተማ ነው። ክለቦቹ ሜዳ አላቸው፣ አባልነቱ ኢንሹራንስ ይጨምራል። መንግሥት ከ250 ግራም በላይ ለሆነ ሁሉ ምዝገባ ይጠይቃል፤ አጭር ነፃ ፈተናም አለ። ከ25 ኪሎ በላይ የሆነ ሞዴል ግንባታው ራሱ ይመረመራል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ከሬጋን ብሔራዊ አየር ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ማብረር አይቻልም። ሰፈር መናፈሻ ውስጥ አይሞከርም። ራቅ ብሎ ያለ ክለብ መፈለግ ነው።

ትልቁ ስብስብ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሳውዝ ካሮላይና፣ ዉድረፍ አጠገብ ባለው ትሪፕል ትሪ የሣር ሜዳ ይደረጋል። ጆ ናል ይባላል። ስሙ በ1989 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተው የአሜሪካ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አባል የተወሰደ ነው። የሣር መንደርደሪያው 7,000 ጫማ ይረዝማል። እውነተኛ አውሮፕላኖችም ያርፉበታል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ከታች ያሉትን መጠኖች ጠቅልሎ ወስዷል፤ ወደ ትልልቆቹም እየመጣ ነው። ጸጥ ያለ ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ ዘይት አይተፋም። ትልቅ አውሮፕላን የሚያነሱት ባትሪዎች ግን ውድ ናቸው፣ ለመሙላትም ጊዜ ይፈልጋሉ። ቤንዚኑ ታንኩ ይሞላና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይነሳል።